ዓይን ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ስለ እግሩም ንገሩ

እህቴ፣ አባትሽ ውስጥ እግራቸው ላይ የወጣው ጥቁር ነገር ተቆርጦ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ተባለ፣ አሁን ደግሞ አንድ ዓይናቸው ደበዘዘ፤ ሞራ ነው ወይስ ካንሰሩ ወደ ዓይን ሄዶ? ነው ጥያቄሽ። ሐኪም አይደለሁም። ግን በዚሁ አልፌያለሁ።

የኔ አባት የመንዝ ገበሬ ነበሩ። ተረከዛቸው ላይ ስሙኒ የምታህል ጥቁር ነገር ወጣች። «እሾህ ወግቶኝ ነው» ብለው ዓመት ሙሉ ችላ አሏት። ጠርዟ ወጣ ገባ እያለ ስትሰፋና ስትደማ ነው ደብረ ብርሃን ያመጣናቸው። ፀሐይ ነው እንዳትይ፤ እንደኛ ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው።

ተቆርጦላቸው 2 ዓመት ደህና ሆኑ። ከዚያ «ዝንብ ፊቴ ላይ ይዞራል» ማለት ጀመሩ። በእጃቸው እሽ ይላሉ፣ ዝንብ የለም። እኛም ሞራ ነው አልን። ዓይን ሕክምና ስንወስዳቸው ስለ እግራቸው ትንፍሽ አላልንም። እግርና ዓይን ምን አገናኘው! መነፅር ታዞልን ተመለስን፤ ምንም አልፈየደም። በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ሲያነክሱ አየችና «እግርዎን ምን ሆኑ?» አለቻቸው። ስንነግራት ወዲያው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረችላቸው፤ አይታ ስትጨርስ ወደ አዲስ አበባ ላከችን።

ዓይን ኳስ ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል ደም ሥር የበዛበት ሽፋን አለ። የካንሰሩ ሴል በደም ተጉዞ እዚያ ያርፋል አሉን። ብዙ የሚያጋጥም አይደለም፤ የአባትሽ ሞራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሞራ ግን እንደ ጭስ ቀስ እያለ ነው የሚጋርደው። የሚዞር ጥቁር ነጥብ፣ ብልጭታ ወይ ከአንድ ጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሳይታመምም ነው የሚበላሸው፤ አባቴ አንድ ቀን አመመኝ አላሉም።

ለሳቸው ጨረር ተሰጣቸው። ሲታይ ግን ጉበታቸውም ተነክቶ ነበር። ዓይን ላይ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ሌላም ቦታ ደርሷልና፣ ደረትና ሆድም ይታይልን በይ።

የእግራቸውን ናሙና ውጤት ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ብቻቸውንም አትላኪያቸው፤ ጠብታው ለሰዓታት ብርሃን ያስጠላል። አባቴ ያን ቀን በርኖሳቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ክንዴን ይዘው ነው መናኸሪያ የደረሱት።