አልነቀል ያለው የቮልስ መሪ

ከኮምቦልቻ የጻፈልኝ ወንድም ከአባቱ የወረሳትን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 የተሠራች ቮልስ እያደሰ ነው። የፍሬቻው ማብሪያ ስለተሰበረበት መሪውን መንቀል ነበረበት። ዳዶውን ፈታ፤ መሪው ግን ንቅንቅ አላለም። በጉልበቱ ተደግፎ ሳበ፣ ጓደኛውን ጠርቶ አብረው ሳቡ፣ በመጨረሻም የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ መታው። «አሁንስ በብየዳ እሳት ላሙቀው?» ይላል።

አብሽር፣ መሪው ይወጣል። እሳቱን ግን እርሳው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ቤንዚኑም ከኋላ ይመስለዋል። 40 ሊትር ያህል የሚይዘው ታንክ ያለው ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ ከዳሽቦርዱ ማዶ፣ አንተ ነበልባል ይዘህ ከምትቀመጥበት ቦታ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት መኪና የቤንዚን ቱቦ ደግሞ ትነት አያሳልፍም ብዬ አልምልልህም። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ የመሪው ፕላስቲክ ቀልጦ እጅህ ላይ ይቀራል።

መሪው ለምን እንደተያዘ ከገባህ የቀረው ቀላል ነው። ዘንጉ ጫፉ አካባቢ በርዝመቱ የተቀረጹ ጥርሶች አሉት፤ የመሪው እምብርት (መሃሉ ላይ ያለው ክብ ክፍል) ከውስጥ ተመሳሳይ ጥርስ ይዞ እላዩ ላይ ይጠልቃል፣ ዳዶው ከላይ ያስረዋል። ዓመታት ሲያልፉ እርጥበት ይገባና ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ በጥርሶቹ መካከል የነበረችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ እንደ ሽብልቅ ይወጥራል። አንተ የመሪውን ጠርዝ ስትስብ አንደኛው ወገን ቀድሞ ይመጣል፤ እምብርቱ ይዘነበልና ጭራሽ ይነክሳል። ሁለት ሰው ሲስብ የባሰበትም ለዚህ ነው።

ስለ መዶሻው ትንሽ ልቆጣህ። ባዶውን የዘንግ ጫፍ ከመታኸው ዳዶው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ይተጣጠፋል፤ መሪው ቢወጣ እንኳ ዳዶው ተመልሶ አይገባም። ከዚያም በላይ፣ ከ1968 ሞዴል ወዲህ የቮልስ የመሪ ዘንግ በግጭት ጊዜ የሾፌሩን ደረት እንዳይወጋ ታስቦ ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራ ነው። የአንተ መኪና ከእነዚህ ናት። ለአደጋ የታሰበውን ነገር በመዶሻ ስትቀሰቅሰው ነበር ማለት ነው። ዘንጉ ከታች ከመሪው ማርሽ ሳጥን ጋር የሚገናኝበትን ክብ የጎማ መጋጠሚያም ተመልከተው፤ ተሰንጥቆ ወይም ተቦጭቆ ከሆነ ይቀየር። መሪዋ እንደሆነ ያለ እርሱ አይነዳም።

አሁን ወደ ሥራው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ መጀመሪያ ገመዱን ፍታ። ፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ፣ የፍሬቻውን ዘንግ መሃል ላይ አቁም፣ በዘንጉና በእምብርቱ ላይ ቀጥ ያለ ምልክት አድርግ። ይህችን ምልክት የናቀ ሰው መሪው ተጣሞ ሲገጥምበት መልሶ ይነቅለዋል።

ከዚያ ዝገት ፈቺ ዘይት። ከጠፋ ነጭ ጋዝም ይሠራል፤ ትንሽ ቀስ ይላል እንጂ። በጥርሶቹ ዙሪያ ጥቂት ጠብታ ማታ፣ ጥቂት ጠዋት፣ እንደገና ማታ፤ ሦስት ቀን ስጠው። በየመካከሉ እምብርቱን ከጎን በእንጨት ዱላ ቀለል አድርገህ ኳኳው። ሙቀት ካስፈለገህ ጨርቅ በፈላ ውሃ ነክረህ፣ ጨምቀህ፣ እምብርቱ ላይ ጠቅልል። እምብርቱ ከዘንጉ ቀድሞ ሲሞቅ በጥቂቱ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝም ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

በአራተኛው ቀን ባለ ሁለት መንጠቆ ፑለር ተዋስ፤ መንጠቆዎቹ መሪውን ይዘው፣ መሃል ላይ ያለው ቡሎን ዘንጉን እየገፋ የሚነቅል መሣሪያ ነው። መንጠቆዎቹ እምብርቱን ወይም ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ የሚሄዱትን ክንዶች ሥር ይያዙ፤ ራቅ ብለህ ከያዝክ ክንዱ ይታጠፋል። አሁን ከሁሉ የምትጠነቀቅበት ነገር፦ ዳዶውን መልሰህ ጥቂት ዙር አስገባው፤ አናቱ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። የፑለሩ ቡሎን የሚገፋው ዘንጉን ሆኖ ጥርሱን ይጠብቅልሃል፣ መሪውም በድንገት ሲላቀቅ ፊትህ ላይ አይመጣም። እኔ ወጣት ሳለሁ ዳዶውን ጨርሼ አውጥቼ ከንፈሬን የተሰነጠቅሁበት ጠባሳ ዛሬም አለ።

ቡሎኑን እስኪወጠር አጥብቅና ተወው። ሻይ ጠጥተህ ና። ከዚያ ሩብ ዙር ጨምር፤ ካልተላቀቀ የፑለሩን ቡሎን አናት በትንሽ መዶሻ አንዴ መታ አድርግ። እዚህ ላይ መዶሻ የሚፈቀደው ብረቱ አስቀድሞ ስለተወጠረና ምቱ ቀላል ስለሆነ ነው። «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ሥራው አለቀ። ካልሰማህ እንደገና ዘይትና አንድ ሌሊት፤ ጉልበት አትጨምር።

አንዳንዱ ዳዶውን አላልቶ መኪናዋን እየነዳ መሪው በራሱ እንዲላቀቅ ይጠብቃል። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ 600 ሜትር ያህል የሚወርድ ሰው እንዲህ አያደርግም። በሐረጎ ቁልቁለት መሪ በእጁ የቀረ ሾፌር ምን ሊያደርግበት ነው?

ስትመልሰው ጥርሶቹን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ስስ ግሪስ ቀባ፣ የምልክቱን መስመር አገናኝ፣ አዲስ ሮንዴላ አድርግ። ዳዶው በ50 ኒውተን ሜትር ይጠብቅ። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌለህ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል ጫና በቂ ነው። ስታጠብቅ መሪውን በእጅህ ያዝ እንጂ መሪው እንዳይዞር በሚቆልፈው ቁልፍ ላይ አታስደግፈው፤ ቁልፉ ይሰበራል። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ነድተህ ፍሬቻው በራሱ መመለሱን፣ ክላክሱ መሥራቱን እይ።

የፍሬቻውን ማብሪያ ደግሞ የተሰበረውን በእጅህ ይዘህ ሳታመሳስል አትግዛ። ከሞዴል ሞዴል የገመዶቹ ቁጥርም መሰኪያውም ይለያያል።