ክራርና ጊታር በአንድ መድረክ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለታችንም ግጥምና ዜማ እንሠራለን። እኔ ክራር እመታለሁ፣ ጓደኛዬ ጊታር ይጫወታል። ያለ ባንድ በትንሽ አዳራሽ አብረን ልንዘፍን ነው። የሐዘን ዘፈኖቻችን በትዝታ ማይነር (በአሳዛኙ የትዝታ ቅኝት) ናቸው፤ ስንለማመድ ግን መሣሪያዎቹ ይጣላሉ። ምን እናድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ክራሩ ይምራ፣ ጊታሩ ይከተል። ክራር መድረክ ላይ ቅኝት ለመለወጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለጊታር ግን ካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን የሚጫን ማሰሪያ) ማንቀሳቀስ ይበቃል። ክራሩ ከኤ ተነሥቶ በትዝታ ማይነር ሲቃኝ ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ናቸው፤ ስድስተኛው ክር የኤ እጥፍ (ያው ኤ በቀጭኑ) ነው። ለዘፋኙ ከሲ መነሣት ከተመቸው ክራሩን አንድ ተኩል ቶን ከፍ አድርጉ፣ ቀጭኑ ክር እንዳይበጠስ ቀስ እያላችሁ። ጊታሩ ካፖውን ሦስተኛው ፍሬት (የአንገቱ ብረት መስመር) ላይ አስሮ በለመደው የኤ ማይነር አያያዝ ይቀጥላል። ካፖ ክሩን ስለሚጫነው ድምፁ ከቅኝቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከታሰረ በኋላ ድጋሚ ቃኙ።

ጠቡ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከኮርዱ (አብረው ከሚመቱት ድምፆች) ነው። የጊታር ተጫዋች እጅ ከኤ ማይነር ወደ ኢ ሜጀር መሄድ ለምዷል። ኢ ሜጀር ውስጥ ጂ ሻርፕ አለ፤ ይህ ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ ትዝታውን ያፈርሰዋል። በምትኩ ኢ እና ቢን ብቻ አሰሙ። የኤ ማይነርና የኤፍ ሜጀር ድምፆች ሁሉም ከቅኝቱ ናቸው። ለእንጉርጉሮ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ አንድ አዝማች ሙሉ ኤ ማይነር ላይ ብቻ መቆየት እንዲያውም ግጥሙን ያሰማል።

ጥያቄ፦ ጊታሬ በማይክ ሲወጣ ለምን ያጓራል?

መልስ፦ ማይኩ ቀዳዳው ፊት ስለቆመ ነው። ወደ 12ኛው ፍሬት አዙሩት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቁት።

ጥያቄ፦ ለእናቴ መታሰቢያ የሠራሁትን ዘፈን ስዘፍን ሁልጊዜ አንድ ስንኝ ላይ ሲቃ ይይዘኛል። ጓደኛዬ አብሮኝ ይዝፈን?

መልስ፦ አብሮ ከመዝፈን ይቀበልሽ። ሲቃ ጉሮሮን ያጠባል፣ ቀድሞ የሚጠፋውም ከፍተኛው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ዘፈኑን አንድ ቶን ዝቅ አድርጊው። ከዚያ ስንኝ በፊት የአራት ምት መሸጋገሪያ ይግባ፣ እዚያ ትንፋሽ ትወስጃለሽ። መዝፈን ካልጀመርሽ ጓደኛሽ መሸጋገሪያውን ይድገም፤ በሁለተኛው ዙርም ዝም ካልሽ ስንኙን እሱ ይውሰድ። ለዚህ ግጥሙን በቃሉ መያዝ አለበት፤ ወረቀት ሲፈልግ ቦታው ያልፋል። አብራችሁ የምትዘፍኑት ካለ እሱ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ያንኑ ዜማ በወፍራሙ ይያዝ። ሁልጊዜ በሦስተኛ ድምፅ (ከዜማው በላይ ሦስተኛውን ድምፅ እየያዙ) ማጀብ ከቅኝቱ ያስወጣል።

ከዘፈኑ በፊት ረጅም ማብራሪያ አትስጪ፤ ለማን እንደተሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። ሲያልቅ ክሮቹን በእጃችሁ አታፍኑ፣ ድምፁ በራሱ ይጥፋ። ቀጥሎ ሌላ የሐዘን ዘፈን አታስከትሉ። ከኤ በተነሣው ክራር ላይ ሲ እና ኤፍ የተቃኙትን ክሮች ብቻ ግማሽ ቶን ከፍ ብታደርጓቸው ትዝታ ሜጀር (ፈካ ያለው የትዝታ ቅኝት) ይሆናል፤ ይህ በጭብጨባው መሀል የሚያልቅ ሥራ ነው።