የግቢሽን ውሃ አጥኚው፤ መጀመሪያ ግን ቆጣሪው ጋ ሂጂ

ሰላም እህቴ፣

ጥያቄሽ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ባጭሩ ላስቀምጠው። የውሃ አቅርቦትና አካባቢ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። የዩኒቨርሲቲ ግቢያችሁ ውሃ ከጉድጓዱ ጀምሮ ፍሳሽ ሆኖ እስኪወጣ አካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለመመረቂያ ልታጠኚ አስበሻል፤ እንዲህ ከመነሻ እስከ መጨረሻ የሚሠራው ጥናት ላይፍ ሳይክል አሰስመንት (ኤልሲኤ) ይባላል። ጓደኞችሽ ደግሞ «ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር ነው፣ ሥራ አያስገኝም» ብለውሻል።

ያስገኛል፤ ግን አሠራርሽ ይወስነዋል። «የላይፍ ሳይክል አሰስመንት ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እዚህ አገር እምብዛም አታገኚም፣ እሱን አትጠብቂ። ሥራው ያለው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪዎች ጋ፣ የከተማ ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቶች ውስጥና የዋሽ (የውሃ፣ የሳኒቴሽንና የንጽህና) ፕሮጀክቶች ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ጀምሮ የግምገማ ጥናት የሕግ ግዴታ ስለሆነ ሰነድ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። መስክ ወርዶ የለካ ሰው ግን የበለጠ ይፈለጋል።

የኤልሲኤ ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 14040 ሥራውን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። ተማሪ የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው፣ መረጃ መሰብሰቡ ላይ። ኦፕን ኤልሲኤ የተባለውን የስሌት ሶፍትዌር በነፃ ያወርዳል፣ የአውሮፓን ቁጥር ይሞላበታል፣ ቆንጆ ግራፍ ይወጣለታል፣ ግራፉ ግን ስለ ግቢው ምንም አይናገርም።

ለምን እንደሆነ ላሳይሽ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ለማንሳት በትንሹ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይጠይቃል። ፓምፑና ሞተሩ ተደምረው ከሚወስዱት ኃይል 60 በመቶውን ብቻ ሥራ ላይ ካዋሉ 0.45 ይሆናል። ይሄ ኃይል ከመብራት መስመር ሲመጣ አብዛኛው የግድብ ኃይል ስለሆነ ጭሱ ትንሽ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግሽ የጄኔሬተሩ መዝገብ ነው፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ሊትር ጠጣ። ፓምፕ ኦፕሬተሩን ጠይቂው፣ እሱ ከማንም በላይ ያውቃል።

ቀጥሎ ብክነቱን ለኪ። ተማሪው በተኛበት፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከጋኑ በሚወጣው መስመር ላይ ያለው ቆጣሪ እየሮጠ ከሆነ በዚያ ሰዓት ከሚያልፈው ውሃ አብዛኛው በተሰበረ ቧንቧና ባልተዘጋ ሲንክ እየፈሰሰ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በየሕንፃው ያሉት ሮቶዎች እስኪሞሉ ጠብቂ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ያታልልሻል። ደግሞ ሌሊት ብቻሽን እንዳትሄጂ፤ ጥበቃና ኦፕሬተሩ አብረውሽ ይሁኑ።

ካርቦን ላይ ብቻ እንዳትቀሪም እፈራለሁ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ትልቁ ጥያቄ ራሱ ውሃው ነው። የሐሮማያ ሐይቅን አስቢ። አጠገቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሐረርም ከሱ ትጠጣ ነበር። ለመስኖና ለከተማ እየተሳበ፣ ደለልም እየሞላው፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ በረጅም ቧንቧ መሳብ ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውሃ መልሶ መያዙ ደስ ይላል፣ ትምህርቱ ግን ሊረሳ አይገባም። አንቺም ጉድጓዱ ሲቆፈር ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደነበረና ዛሬ ስንት ላይ እንዳለ አነጻጽሪ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሆናችሁ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን ፍሎራይድም አስመርምሪ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር አትጨርሺውም። ለአድቫይዘርሽ ከጉድጓዱ እስከ ዶርም ያለውን ብቻ ይዤ ልሥራ በያቸው፣ ፍሳሹ ለማስተርስ ይቆይ። ከጄኔራል ሰርቪስ የፈቃድ ደብዳቤውን ደግሞ በዚህ ሳምንት ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ሲቪሽ ላይ ርዕሱን ብቻ አትጻፊ። «የሌሊት ፍሰት ለክቼ ብክነቱን አስልቻለሁ፣ የፓምፑን የኃይል ፍጆታ በሜትር ኩብ አውጥቻለሁ» ብለሽ ከነቁጥሩ አስቀምጪው። ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት ለካሽው?» ሲሉሽ የምትመልሺው ይኖርሻል። ፕሮፖዛሉን ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ በደስታ አነበዋለሁ።