ለመጠለያ ምን ልስጥ?

ጥያቄ፦ ቤት አልባ ቤተሰቦችን ለሚያስጠጋ የማኅበረሰብ መጠለያ ያገለገሉ ልብሶችን ልወስድ አስቤያለሁ። ይበልጥ የሚጠቅመው ምን ይሆን?

መልስ፦ አስቀድመው ደውለው የጎደለውን ይጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚመጣ ልብስ ብዙ ጊዜ መጋዘን ሞልቶ የበጎ ፈቃደኞችን ሰዓት በመለየትና በማጠፍ ሲጨርስ፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ፣ አዲስ የውስጥ ልብስና ካልሲ ግን ቶሎ ያልቃሉ። ገንዘብም የመብራትና የውሃ ሂሳብን ስለሚሸፍን ከዕቃ አያንስም። ጊዜ ካለዎት፣ በበዓል ሰሞን ብቻ ከሚጎርፈው ሰው ይልቅ በየሳምንቱ በቁርጥ ሰዓት የሚገኝ፣ እናት ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ልጆቿን የቤት ሥራ የሚያሠራ ሰው እጅግ ይፈለጋል (ሥራው ከልጆች ጋር ነውና ማንነትዎ ቢጣራ ቅር አይበልዎት)። አደራ፣ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ልጆቹን ፎቶ አያንሱ።