ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ለአንድ ሰው? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ አሜሪካ ፉትቦል የደረሱኝ ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ አንድ አባት፦ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ልጆቼ "ድራፍት" እያሉ ቴሌቪዥኑን ይይዙብኛል። ነገሩ ምንድን ነው?

የኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ዋና ሊግ፣ 32 ቡድኖች ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ሰባት ዙር አለው። መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሱፐር ቦውል (የሊጉን ዋንጫ) የበላው መጨረሻ። ቡድኖች ይህን የመምረጥ ተራ እርስ በርስ ይለዋወጡበታል። ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፦ ዴንቨር ብሮንኮስ ራስል ዊልሰንን ካሰናበተ በኋላም ገንዘቡ ሲቆጠርበት ነበር። እንዴት?

ሊጉ ከ1994 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2025 ለእያንዳንዱ ቡድን 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ከዚያ በላይ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ቡድኖች ለተጫዋቹ ዳጎስ ያለ የፊርማ ክፍያ ይሰጡና በጣሪያው ሂሳብ ላይ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ያከፋፍሉታል። ተጫዋቹ ቀድሞ ከወጣ ያልተቆጠረው ቀሪ ተጠራቅሞ ይመጣል። ዊልሰን በ2024 ሲሰናበት በዴንቨር ላይ የቀረው በሁለት ዓመት 85 ሚሊዮን ዶላር ነው። እሱ በዚያ ዓመት ለፒትስበርግ ይጫወታል፣ ዴንቨር ላይ ደግሞ 53 ሚሊዮን ይቆጠራል። ያም ሆኖ ዴንቨር ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ገባ። አንዱ ምክንያት በ12ኛ ተራ የመረጡት ኳርተርባክ (ጨዋታውን የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች) ቦ ኒክስ ደመወዙ ገና ትንሽ መሆኑ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ረዘም ያለ ደብዳቤ፦ የዋሽንግተኑ ኮማንደርስ የሚቀጥሉትን ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች በሙሉ ሰጥቶ አንድ ትልቅ ኮከብ ያምጣ። ኳርተርባካችን ጄይደን ዳንኤልስ ወጣት ሳለ ዋንጫ እንብላ።

ወንድሜ፣ ጉጉትዎ ይገባኛል። ግን ይህ በዋሽንግተን አንዴ ተሞክሯል።

በ2012 ቡድኑ ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛን ለመውሰድ ከስድስተኛ ተራ ወደ ሁለተኛ መውጣት ፈለገ። ለሴንት ሉዊስ ራምስ የሦስት ተከታታይ ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ሰጠ። የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዙርም ጨመረበት። የግሪፊን የመጀመሪያ ዓመት ድንቅ ነበር፤ ቡድኑ ምድቡን አሸነፈ። ከዚያ በጥር 2013 በራሱ ሜዳ ላንዶቨር ላይ ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ተጎዳ። ተመልሶ እንደ ድሮው አልሆነም።

ጉዳት የማንም ጥፋት አይደለም ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ማንም ሊጎዳ በሚችልበት ጨዋታ የሦስት ዓመት ተስፋን በአንድ ሰው ጉልበት ላይ መጣል አይገባም። በዚያው ድራፍት ዋሽንግተን በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ፣ ሌላ ኳርተርባክ፣ ኪርክ ከዝንስን፣ መርጦ ነበር። በ2015 ቡድኑን ፕሌይኦፍ ያስገባው እሱ ነው።

ታኅሣሥ 2014 ራምስ ላንዶቨር መጣ። ሳንቲም ሲጣል ወደ መሀል ሜዳ የወጡት የራምስ አምበሎች ስድስት ነበሩ። ስድስቱም ከግሪፊን ልውውጥ በተገኙ ምርጫዎች የመጡ ልጆች ናቸው። ጨዋታው በራምስ አሸናፊነት 24 ለ 0 አለቀ።

ኬድ ማሲና በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ታለር የብዙ ዓመታት ድራፍት አጥንተዋል። አንድ ተጫዋች በእሱ ቦታ ከሚጫወቱት መካከል ቀጥሎ ከተመረጠው የመብለጥ ዕድሉ 52 በመቶ ገደማ ሆኖ አገኙት። ሳንቲም ከመጣል ብዙም አይለይም። መራጮቹ ሰነፎች አይደሉም። የ21 ዓመት ልጅ ነገ የት እንደሚደርስ ማወቅ ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ የመረጠ ብዙ ጊዜ ይሞክራል።

ዳንኤልስ ራሱ ምርጫ ተሰጥቶበት አልመጣም። ቡድኑ በ2023 አራት አሸንፎ 13 ስለተሸነፈ ሁለተኛው ተራ ደረሰው። የአራት ዓመት ደመወዙ በጠቅላላው 38 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። የዳላሱ ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት በአማካይ በዓመት 60 ሚሊዮን ያገኛል። የዋሽንግተን ሀብት ይህ ልዩነት ነው። እርስዎ የሚሉት ኮከብ ከመጣ ግን ቡድኑ ሁለቴ ይከፍላል፤ ምርጫዎቹ ይሄዳሉ፣ ደመወዙም ከጣሪያው ይቀነሳል። በትንሽ ደመወዝ የሚጫወቱ ልጆችስ ከየት ይመጣሉ?

ከፊላዴልፊያ፦ ሴኳን ባርክሌይ ዋንጫ አመጣልን። ታዲያ ረኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) አይከፈለውም የሚሉት ለምንድን ነው?

ሰውነታቸው ቶሎ ስለሚያልቅ፣ መንገዱን የሚከፍቱላቸውም ከፊት ያሉት ስለሆኑ ነው። የኒውዮርኩ ጃይንትስ በ2018 ባርክሌይን በሁለተኛ ተራ ወሰደው፤ ከፊቱ የነበሩት መንገድ ከፋቾች ግን ደካሞች ነበሩ። የእናንተው ኢግልስ በ2024 በሦስት ዓመት 37.75 ሚሊዮን ዶላር አመጣው። በዚያው ዓመት 2,005 ያርድ ሮጠ። ከፊቱ የነበረውን ጆርዳን ማይላታን አይርሱት። ከአውስትራሊያ ራግቢ የመጣ ነው፤ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም ነበር። የተመረጠው በባርክሌይ ዓመት፣ በሰባተኛው ዙር፣ 233ኛ ነው።

ከታምፓ፦ ፍሎሪዳ የስቴት የገቢ ግብር የለም። ቡድኖቻችን ይጠቀማሉ?

ትንሽ። ተጫዋቹ ሌላ ስቴት ሄዶ ሲጫወት ግን የዚያን ስቴት ግብር ይከፍላል። ዝርዝሩን የሂሳብ ባለሙያ ይጠይቁ።

መጨረሻ የተመረጠ ተሳክቶለት ያውቃል?

ብሮክ ፐርዲ። በ2022 262ኛ፣ የመጨረሻው። በ2025 የአምስት ዓመት 265 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

ከዳላስ አንዲት እናት፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። "ኤጀንት ነኝ" የሚል ሰው ኤንኤፍኤል አስገባዋለሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ ጠየቀን። እንክፈል?

እህቴ፣ አንድ ብር እንዳይሰጡት። ምንም ወረቀት ላይም አይፈርሙ። ማንም ሃይስኩል ከጨረሰ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኤንኤፍኤል ሊገባ አይችልም። የሊጉ ደንብ ነው። ስለዚህ ሰውየው በእጁ የሌለውን ነው የሚሸጥልዎት። የኤንኤፍኤል ኤጀንት በተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ከውሉ የሚወስደውም ከ3 በመቶ አይበልጥም፣ እሱም ተጫዋቹ ሲከፈለው ነው። ነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ ይሂዱ። ሰውየው ያለውን ሁሉ ይንገሩት። ልጁ የፈረመው ነገር ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለጠበቃ ያሳዩ፤ አንድ ፊርማ ኮሌጅ የመጫወት መብቱን ሊያበላሽበት ይችላል። እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ ይዘው ይሂዱ እንጂ እንዳይቀሩ።