ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ይድረስ በኮምፒውተር ጥገና ለተሰማራችሁ ወጣቶች፤

ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ዛሬ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ሥራ ሆኗል። ስለዚህም ይመስለኛል፣ ብዙዎቻችሁ ደንበኛው ኮምፒውተሩን አስረክቦ ከበሩ ሳይወጣ ፍላሹን ስትሰኩ የማየው። እኔ ግን በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየሁት ጥፋት አብዛኛው የደረሰው በመጫኑ ጊዜ ሳይሆን፣ ከመጫኑ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሳይጠየቅ በመቅረቱ ነው።

ራሴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በቫይረስ የተጠቃ ኮምፒውተሯን አመጣችልኝ። «ፋይሎቼን በሙሉ ገልብጫለሁ» አለችኝ፤ አምኛት ሲ ድራይቭን አጠፋሁት። የገለበጠችው ግን ዴስክቶፕ ላይና ማይ ዶክመንትስ ውስጥ የነበረውን ብቻ ነበር፤ የፒችትሪ የሒሳብ መዝገቧ የተቀመጠው እዚያው ሲ ድራይቭ ላይ፣ በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ነበር። የሰባት ወር ሒሳብ ጠፋ። ከቫውቸርና ከደረሰኝ እያየች እንደገና ለማስገባት ሳምንታት ፈጀባት፤ እኔም ማታ ማታ እየሄድኩ ቁጥሩን አነብላት ነበር። እርሷ አልዋሸችኝም። መዝገቧ የት እንደሚቀመጥ የማወቅ ኃላፊነት የእኔ እንጂ የእርሷ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማንንም «ምን ምን ፋይል አለዎት?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የምጠይቀው «ጠዋት ሲገቡ ጀምሮ እስከ ማታ በዚህ ኮምፒውተር ምን ይሠራሉ?» ብዬ ነው፤ መልሱንም በወረቀት እጽፋለሁ። የሒሳቡ ፕሮግራም፣ በአውትሉክ የተጠራቀመው ኢሜይል፣ ብራውዘሩ የያዘው የይለፍ ቃል የሚወጣው ከዚህ መልስ ነው። አማርኛ የሚጻፍበት ቢሮ ከሆነ ደግሞ ፎንቶቹን እጠይቃለሁ። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ቢሮዎች በድሮዎቹ ፎንቶች መጻፋቸውን ስለቀጠሉ፣ የዚያ ዘመን ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ፎንቱን አስቀድሞ መገልበጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የተገለበጠውንም በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት። የፋይሉን ብዛትና መጠን ማስተያየት አይበቃም፤ የሒሳቡን ባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ የመጨረሻውን ቀን ምዝገባ በዓይናችሁ እስካላያችሁ ድረስ ባክአፕ አለን አትበሉ።

በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ስለገባ ብቻ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተመስጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ገብታችሁ የማስነሻውን ቅንብር ስትቀይሩ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መሰካትም አያድንም። ስለዚህ ባዮስን ከመንካታችሁ በፊት ቁልፉን ከባለቤቱ አካውንት አውጥታችሁ ጻፉት።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ ዊንዶውስ 11 ጫኑልን የሚሉ በዝተዋል፤ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ማሽኑ ላይ መኖር አለመኖሩ መታየት ያለበት ዲስኩ ከመጥፋቱ በፊት ነው። የዋይፋዩን ድራይቨርም (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አስቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ያዙ፤ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ከሌለ ድራይቨሩን ከየት ታወርዱታላችሁ?

ባለቤቱ አቅም ካለው ደግሞ አሮጌውን ዲስክ ጨርሶ እንዳታጠፉት እለምናችኋለሁ። አዲስ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) አስገዙትና ሲስተሙን እዚያ ላይ ጫኑ፤ አሮጌውን ነቅላችሁ ስሙንና ቀኑን ለጥፉበትና ለራሱ ስጡት፤ ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ ሒሳብ ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ መሳቢያው ውስጥ ይቆይለት።