ተማሪዎች ሲገቡ ኮምፒውተሩ ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ተማሪዎች የትም ቢቀመጡ ሥራቸውን እንዲያገኙ ሮሚንግ ፕሮፋይል ብንዘረጋም፣ 40 ልጆች አንድ ላይ ሲገቡ (ሎግ ኢን ሲያደርጉ) የክፍለ ጊዜው እኩሌታ በመጠበቅ ያልቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሠሩት አይገኝም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሮሚንግ ፕሮፋይል ተማሪው ሲገባ ፋይሎቹን ከሰርቨሩ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ሲወጣ ወደ ሰርቨሩ የሚገለብጥ በመሆኑ፣ ልጁ አዲስ ኮምፒውተር ላይ በተቀመጠ ቁጥር ዴስክቶፑ ላይ ያከማቸው ቪዲዮ ሳይቀር ይጓዛል። ለእያንዳንዱ 500 ሜጋባይት ቢታሰብ የ40ው 20 ጊጋባይት ነው፤ ይህም ከሰርቨሩ በሚነሣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ከ26 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። መብራቱ የጠፋው ተማሪው ሳይወጣ ከሆነ ደግሞ መልሶ መገልበጡ አልተፈጸመም።

ስለዚህ ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን በግሩፕ ፖሊሲ (የሁሉንም ኮምፒውተሮች ቅንብር ከአንድ ቦታ በሚወስነው የዊንዶውስ መሣሪያ)፣ በፎልደር ሪዳይሬክሽን (የፎልደርን መኖሪያ ወደ ሌላ ቦታ በሚያዞረው ቅንብር) በኩል ወደ ሰርቨሩ ያዙሯቸው። ያን ጊዜ ፋይሉ መኖሪያው ሰርቨሩ ስለሚሆን፣ ተማሪው ሴቭ ያደረገው መውጫውን አይጠብቅም (ሰርቨሩ ራሱ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ ከሌለው ግን ምኑን ተረፈ!)። በዚሁ ቅንብር ውስጥ ፎልደሩን የመክፈት መብት ለተጠቃሚው ብቻ የሚሰጠውን ምልክት ያንሡት፤ ካልሆነ እርስዎም የተማሪውን ፎልደር መክፈት ይቸግርዎታል። ዊንዶውስ 7 እና ዊንዶውስ 10 ተቀላቅለው ካሉ፣ ለየሥርዓቱ የተለየ ፕሮፋይል ስለሚፈጠር ልጆቹ «ዴስክቶፔ ተቀየረ» ቢሉ አይደንግጡ፤ የተዛወሩት ፎልደሮች በሁለቱም ይታያሉ።